ግቢ በድንገት ቢዘጋ ስልክ ብቻ ያለውን ተማሪ በምን እናስተምረው? ከ2012ቱ የኮሮና ጊዜ የተገኘ ልምድ

ኮምቦልቻ_መምህር፦

ሰላም ለሁላችሁም። በወረርሽኝም ይሁን በሌላ ምክንያት ግቢ ቢዘጋ ትምህርቱ የሚቀጥልበትን ዕቅድ እንዳዘጋጅ ዲፓርትመንታችን ኃላፊነት ሰጥቶኛል። መነሻ ያደረግነው 2012ን ነው። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ይፋ ሆነ፣ መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ብዙ ሳይቆይ ወደየቤተሰቡ ተሸኘ። ከዚያ በየኮርሱ የቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ፤ ፋይል ይወረወር ጀመር። ከተወረወረው ውስጥ ተማሪው ጋ ምን ያህሉ ደረሰ የሚለው ነው እኔን የሚያሳስበኝ።

ሁኔታችን ይህን ይመስላል፦ ሁለት ሴክሽን፣ ሲደመር 118 ተማሪ፣ በሴሚስተር 5 ኮርስ። ላፕቶፕ ያለው ከ10 አንድ ቢሆን ነው። ስልክ ሁሉም አለው ማለት ይቻላል፤ ግን ሲሶ ያህሉ አገሩ ሲገባ የሚያገኘው 2ጂ ነው። «በዙም በቀጥታ እናስተምር» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። «ሃንድአውት ልከን ሲመለሱ እንፈትናለን» የሚሉም አሉ። ሁለቱም ዕቅድ አልመስል ብሎኛል።

ከምታውቁት አሠራርና ቁጥር ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል። ማቴሪያሉ በምን መልክ ይሂድ? የቀጥታ ክፍለ ጊዜ ያስፈልጋል ወይ? አሳይመንትና ፈተናስ? ላብ (የቤተ ሙከራ ሥራ) ያላቸው ሁለት ኮርሶች አሉን፤ እነሱን ምን እናድርጋቸው?

---

ሜጋባይት_ቆጣሪ፦

መምህር፣ ከባልደረቦችዎ ጋር ከመከራከርዎ በፊት ሒሳቡን ወረቀት ላይ አስቀምጡላቸው፤ ክርክሩ እዚያው ያልቃል።

በቪዲዮ የሚደረግ የቡድን ስብሰባ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ቢወስድ (8 ቢት 1 ባይት ነው) አንድ ሰዓት 450 ሜጋባይት ነው። አምስት ኮርስ በሳምንት ሦስት ሦስት ሰዓት ሲሆን 15 ሰዓት፣ ማለትም ወደ 6.75 ጊጋባይት። በ16 ሳምንት 108 ጊጋባይት ይሆናል። ይህን በካርድ ግዛ የምትሉት አባቱ በዓመት አንዴ እህል ሸጦ ለሚልክለት ልጅ ነው። ቪዲዮ ተዘግቶ ድምፅ ብቻ ከሆነ በሰከንድ 80 ኪሎቢት አካባቢ ነው፤ በሰዓት 36 ሜጋባይት። ተቀድቶ በ32 ኪሎቢት የተጨመቀ ድምፅ ደግሞ በሰዓት 14.4 ሜጋባይት ብቻ ነው። ባለ 30 ገጽ የጽሑፍ ፒዲኤፍ፣ ሥዕል ካልታጨቀበት፣ ከ1 ሜጋባይት በታች ይገባል።

አሁን ደግሞ በ2ጂ ያለውን ልጅ አስቡት። በሰከንድ 100 ኪሎቢት ቢያገኝ (ይህ ጥሩ ቀን ነው) የአንድ ሰዓቱ ቪዲዮ ቢቀዳ ለማውረድ 10 ሰዓት ይፈልጋል። የተጨመቀው ድምፅ በ20 ደቂቃ ይገባል። የቀጥታ ዙም ግን በዚያ መስመር ከነአካቴው አይሆንም፤ ሲቆራረጥ ያመለጠው አይመለስማ። የተቀዳ ፋይል ግን ዛሬ ግማሹን፣ ነገ ግማሹን ያወርዳል።

የነፃው ዙም ሌላም ጣጣ አለው፦ የቡድን ስብሰባ 40 ደቂቃ ሲሞላው ይዘጋል። እንደገና ሊንክ ተከፍቶ ሁሉም እስኪገባ 10 ደቂቃ ይሄዳል። ደግሞ የሚይዘው 100 ሰው ነው፤ የእናንተ 118 አይገቡም።

የምመክረው ለአንድ ኮርስ በሳምንት 20 ሜጋባይት ጣሪያ ማስቀመጥ ነው። አምስቱ ኮርስ 100፣ ሴሚስተሩ በሙሉ 1.6 ጊጋባይት። ጣሪያውን ዲፓርትመንቱ ደንብ አድርጎ ያውጣው፤ ካልሆነ አንዱ መምህር የ300 ሜጋባይት ቪዲዮ ጭኖ የሌሎቹን ኮርስ ጥቅል ይበላል። ተማሪው በ*999# ጥቅል ሲገዛ የሌሊቱ ርካሽ ነው፤ ስለዚህ ማቴሪያሉ ሁልጊዜ በታወቀ ቀን፣ ከማታው 2 ሰዓት በፊት ይለቀቅ። ሌሊት አውርዶ ቀን ያለ ዳታ ያነባል።

ቴሌግራሙን በተመለከተ ግሩፕና ቻናል ይለያዩ። ለየኮርሱ መምህሩ ብቻ የሚጽፍበት ቻናል፣ ለጥያቄ ሌላ ግሩፕ። 118 ሰው ያለበት ግሩፕ ውስጥ «እንዴት አደራችሁ» እና የበዓል ፎቶ ሲደራረብ የሦስተኛው ሳምንት ፋይል የት እንደገባ የሚያውቀው ሰይጣን ነው። ቻናል ላይ ዘግይቶ የገባ ተማሪም የቀደመውን ሁሉ ያገኛል፤ አዲስ ስልክ የገዛውም እንደዚያው። የመጀመሪያው የተሰካ መልእክት ደግሞ ስለ ስልክ አያያዝ ይሁን፦ ቅንብሮች፣ ከዚያ ዳታና ማከማቻ፣ ከዚያ በሞባይል ዳታ ጊዜ በራሱ የሚወርደው ሁሉ ይጥፋ። ይህ ክፍት ከሆነ ዳታ በተከፈተ ቁጥር የማንም ቪዲዮ ይግተለተላል፤ ተማሪው «ጥቅሌን ቴሌ በላው» ይላል።

---

ሞጁል_አዘጋጅ፦

ከላይ ባለው ላይ ልጨምር። 20 ሜጋባይት ውስጥ ምን ይግባ ለሚለው፣ በ2012 ተማሪው ጋ ደርሶ እንኳ ሊነበብ ያልቻለው ብዙ ነበር። ምክንያቶቹ ጥቂትና የታወቁ ናቸው።

አንደኛው ፊደል ነው። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ የወርድ ፋይል ስልክ ላይ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ቅልቅል ሆኖ ይመጣል፤ ፊደሉ ዩኒኮድ (ሁሉም መሣሪያ የሚያውቀው የፊደል አሠራር) ስላልሆነ ስልኩ አያውቀውም። ኮምፒውተር ላይ በትክክል ስለሚታይ ላኪው አይጠረጥርም። አማርኛውን በኒያላ፣ በኤብሪማ ወይም በአቢሲኒካ ጻፉ፤ ከዚያም ወርዱን ወይም ፓወርፖይንቱን ሳይሆን ፒዲኤፉን ላኩ። ፒዲኤፍ ፊደሉን ይዞ ይሄዳል፣ ቀመርም አይበታተንበትም። ከመልቀቃችሁ በፊት ርካሽ አንድሮይድ ስልክ ላይ ከፍታችሁ እዩት።

ሁለተኛው የገጽ መጠን ነው። ኤ4 ገጽ በስልክ ሲነበብ ተማሪው እያንዳንዱን መስመር ወደ ጎን እየጎተተ ነው የሚጨርሰው። ገጹን ኤ5 አድርጉ፣ ዳርቻውን 1 ሴንቲ ሜትር፣ ፊደሉን 14። ሰንጠረዥ ከአራት ዓምድ አይብለጥ። ይህ ብቻውን «ዓይናችን ጠፋ» የሚለውን እሮሮ በግማሽ ይቀንሰዋል። ኤ5 ለማተምም ይመቻል፤ አንድ የኤ4 ገጽ ላይ ሁለት ይገባል።

ሦስተኛው የመጽሐፍ ፎቶ ነው። የስልክ ካሜራ አንዱን ገጽ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት አድርጎ ያነሳዋል፤ አንድ ምዕራፍ 40 ገጽ ቢሆን 160 ሜጋባይት፣ ያውም ጥላ የወደቀበት። በካምስካነር ወይም በአዶቤ ስካን ጥቁርና ነጭ አድርጋችሁ፣ በ150 ዲፒአይ፣ አንዱን ገጽ ከ100 ኪሎባይት በታች ማድረግ ይቻላል። ያው ምዕራፍ 4 ሜጋባይት ሆነ ማለት ነው። ብርሃኑ ከጎን፣ ከመስኮት ይምጣ፤ ፍላሽ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ መሐሉን ያነጣዋል።

ይዘቱ ላይ ደግሞ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፦ ስላይድ ማስተማሪያ አይደለም። ስላይድ መምህሩ ቆሞ እየተናገረ የሚያሳየው ማስታወሻ ነው፤ ያለ መምህሩ «የገበያ ሚዛን፦ ትርጉም፣ ዓይነት፣ ምሳሌ» የሚል ባዶ ዝርዝር ይሆናል። አገራችን ለዚህ መልስ ድሮም ነበራት፤ የርቀት ትምህርት ተማሪ በሞጁል፣ በመልመጃ ወረቀትና በቲቶሪያል ዲግሪ ሲይዝ ኖሯል። በ2012 ያንን ልምድ የጠየቀ ክፍል ብዙ አልነበረም፤ ሁሉም ዓይኑ ዙም ላይ ነበር።

የሳምንቱ ጥቅል እንዲህ ቢሆን ይበቃል። ከ8 እስከ 12 የኤ5 ገጽ ማስታወሻ፣ በሙሉ ዓረፍተ ነገር የተጻፈ። ውስጡ ቢያንስ ሁለት እስከ መጨረሻ የተሠራ ምሳሌ፣ አንድም እርምጃ ሳይዘለል። ስድስት ያህል ራስን መፈተኛ ጥያቄ፣ መልሱ ከነአሠራሩ መጨረሻው ገጽ ላይ። ከዚያ ከሦስት እስከ አምስት ድምፅ፣ አንዱ ከ7 ደቂቃ የማይበልጥ። ድምፁ ማስታወሻውን አያንብብ፤ ተማሪ የሚሳሳትበትን ቦታ ይንካ። «ገጽ 4 ላይ ሁለተኛውን ቀመር ተመልከቱ፣ ምልክቱ ለምን ተገለበጠ» እያለ በገጽ ይምራ። ሲቀዳ ስልኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ዝናብ ሲዘንብ አትቅዱ።

ቪዲዮ ግድ ከሆነ (ሶፍትዌር ማሳየት፣ የማሽን አከፋፈት) በሃንድብሬክ (ቪዲዮ መጭመቂያ ፕሮግራም) ወደ 480 ፒ ዝቅ አድርጉት፣ በሰከንድ 10 ፍሬም፣ ድምፁ ሞኖ። የማይንቀሳቀስ ስክሪን ከሆነ ሥዕሉ 100 ኪሎቢት፣ ድምፁ 32 ይበቃዋል፤ 20 ደቂቃው 20 ሜጋባይት ገደማ ይመጣል። ይህ የሳምንቱን ድርሻ በሙሉ እንደሚጨርስ ግን አትርሱ። ለፋይል ስም ኮርሱን፣ ሳምንቱንና ዓይነቱን በዚህ ቅደም ተከተል ስጡ። «አዲስ የመጨረሻ የታረመ 2» የሚባል ፋይል ዕዳ ነው።

---

ሲስተም_ጠባቂ፦

አጭር ነገር፣ ግን ብዙ ውጤት የተበላሸበት ጉዳይ፦ ሰዓትና ቀን።

ሙድል (ኮርስና ኩዊዝ በኢንተርኔት የሚሰጥበት ሲስተም) ላይ የማስረከቢያ ጊዜ 12:00 ሌሊት ተብሎ ሲገባ ተማሪው 12 ሰዓትን አይቶ የማታውን 12 ወይም የንጋቱን 12 ይረዳል። ትክክለኛው ግን በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። «ዓርብ 12:00» ደግሞ ዓርብ የሚጀምርበት እንጂ የሚያልቅበት አይደለም፤ ሐሙስ ሌሊት ማለት ነው። ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት ተተክሎ የተረሳ ከሆነ ሦስት ሰዓት ልዩነት ይጨመራል። መዝጊያ ሰዓቱን ሁልጊዜ ከቀኑ 6 ሰዓት አድርጉት፣ በቃል ጻፉት፦ «ማክሰኞ ጥር 12 ከቀኑ 6 ሰዓት»። የፈረንጁን ቀን ከሥሩ ጻፉለት፤ ስልኩ የሚያሳየው እሱን ስለሆነ።

ሙድል ካላችሁ የስልኩን መተግበሪያ አስጭኗቸው። ኮርሱን አንዴ አውርዶ ያለ ኔትወርክ ያነብበታል። ኩዊዝንም ኔትወርክ ሳይኖር ሠርቶ በኋላ መላክ ይቻላል፤ ለዚህ ግን አስተማሪው ከኩዊዙ ቅንብር ውስጥ መፍቀድ አለበት፣ የደቂቃ ገደብ ያለው ኩዊዝም በዚህ መንገድ አይሠራም። ብዙ መምህር የ30 ደቂቃ ገደብ ያስቀምጥና ተማሪው መሐል ላይ ኔትወርክ ሲጠፋበት ዜሮ ይመዘግባል። ዜሮው የኔትወርክ እንጂ የተማሪ አይደለም።

---

ኮምቦልቻ_መምህር፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ኤ5ቱንና የ20 ሜጋባይት ጣሪያውን ዛሬውኑ ዕቅዱ ላይ አስገባዋለሁ። አሁን የከበደኝ ፈተናው ነው። የደቂቃ ገደብ ከሌለ ኩረጃውን ምን ይይዘዋል? የአንዱ መልስ በአምስት ደቂቃ ግሩፑን ይዞራል። ላቡንም አልነካችሁልኝም።

---

ስትራክቸር_2፦

ኩረጃን በካሜራ እንያዝ ማለት ከላይ የተሰላውን 450 ሜጋባይት መልሶ ማምጣት ነው። ጥያቄውን የየራሱ አድርጉት።

ከመታወቂያው ቁጥር የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች ተጠቀሙ። ምሳሌ፦ በሁለት ጫፉ የተደገፈ ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ)፣ መሐሉ ላይ ነጠላ ጭነት። ጭነቱ 10 ሲደመር የመጨረሻው አሃዝ ኪሎ ኒውተን፤ ርዝመቱ 4 ሲደመር የፊተኛው አሃዝ ግማሽ ሜትር። መታወቂያው በ47 የሚያልቅ ልጅ 17 ኪሎ ኒውተንና 6 ሜትር ይደርሰዋል፤ ከፍተኛው ሞመንት (ቢሙን የሚያጥፈው) ጭነቱ በርዝመቱ ተባዝቶ ለ4 ሲካፈል 25.5 ኪሎ ኒውተን ሜትር ነው። 100 ዓይነት ጥያቄ ወጣ ማለት ነው፣ እናንተ ግን የጻፋችሁት አንድ ነው። የመልሱን ሰንጠረዥ ኤክሴል ላይ አንዴ ሠርታችሁ ዓምዱን መጎተት ነው። በአንድ አሃዝ ብቻ ከሆነ 12 ያህል ተማሪ አንድ መልስ ስለሚጋራ በሁለቱ አድርጉት። አሠራሩን አንዱ ከሌላው ሊማር ይችላል፤ ይማር! ቁጥሩን ግን ራሱ ማስላት አለበት። ቁጥር ለሌለው ኮርስ ደግሞ ምሳሌውን ከየወረዳቸው እንዲያመጡ ጠይቁ፦ የወረዳህ ገበያ ላይ የጤፍ ዋጋ በአዝመራና በክረምት ለምን ይለያያል፣ ሻጩ ማን፣ ገዢው ማን። ይህን ከሰው መገልበጥ ከመሥራት ይልቅ ያደክማል።

ፈተናው መጽሐፍ የሚፈቀድበት ሆኖ ለ48 ሰዓት ክፍት ይሁን። በእጅ ተጽፎ፣ በስክሪብቶ (እርሳስ በጥቁርና ነጭ ስካን አይወጣም)፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ስምና መታወቂያ፣ አንድ ፒዲኤፍ ተደርጎ ይላክ። ከዚያ በስልክ የቃል ማጣሪያ አለ። ሁሉንም መጠየቅ አትችሉም፦ 118 በ7 ደቂቃ ወደ 14 ሰዓት ይሆናል። 30 ተማሪ በዕጣ ብታወጡ ግን ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ጥያቄው አንድ ዓይነት ነው፦ «ሦስተኛው መስመር ላይ ይህን ለምን አደረግህ?» ዕጣው ለማንም ሊወጣ እንደሚችል ቀድሞ መነገሩ ራሱ ግማሹን ሥራ ይሠራል። የምትደውሉት እናንተ ናችሁ፤ ተማሪው ካርድ አያውጣ።

አሳይመንት ላይ ያለው ትልቁ ችግር ኩረጃም አይደለም፣ ዝምታ ነው። የተማሪዎቹ ዋና ምሬት «ልኬ ነበር፣ ደረሰ አልደረሰ የሚለኝ የለም» የሚል ነበር። ሥራ በገባ በሁለት ቀን ውስጥ የገቡትን መታወቂያ ቁጥሮች ዝርዝር ቻናሉ ላይ ልጠፉ፣ በሳምንት ውስጥ እርማቱን መልሱ። እዚህ ላይ አቅማችሁን አስሉ፦ 118 ወረቀት በ5 በ5 ደቂቃ ወደ 10 ሰዓት ነው። ስለዚህ በየኮርሱ በሁለት ሳምንት አንድ፣ አምስቱ መምህራን አንድ የጋራ ካላንደር ላይ ተራ ይዘው። በ2012 ስድስት አሳይመንት በአንድ ሳምንት ሲወድቅ ተማሪው የትኛውንም በደንብ አይሠራም ነበር፤ መምህራኑ እርስ በርስ ስለማይነጋገሩ ብቻ።

ላብን በሁለት ክፈሉት። ዳታ ትንተናውና ሪፖርት አጻጻፉ ከቤት ይሆናል፦ ቴክኒሻኑ ሙከራውን ሠርቶ ጥሬውን ንባብ ከነስህተቱ ይላክላቸው፣ ሁለት ሦስት የተበላሸ ነጥብ ሳይወጣ፤ የትኛው እንደሆነ ለይተው ምክንያቱን ይጻፉ። ለፊዚክስና ለኬሚስትሪ መሠረታዊ ሙከራዎች የፌት ሲሙሌሽኖች (ሙከራውን ስክሪን ላይ የሚያስመስሉ) አሉ፤ የአዲሱ ዓይነት እያንዳንዱ አንድ ነጠላ ፋይል ሆኖ ይወርድና በስልክ ብራውዘር ያለ ኔትወርክ ይከፈታል። እጅ የሚፈልገው ግን (ብየዳ፣ ኮንክሪት መደባለቅ፣ ማይክሮስኮፕ ማስተካከል) በቪዲዮ ተምሯል ብላችሁ ውጤት አትስጡ። ሲመለሱ ሁለት ሳምንት ለላብ ብቻ መድቡ፣ ውጤቱም እስከዚያ «ያልተሟላ» ተብሎ ይያዝ። ይህን ከሬጅስትራር ጋር አሁኑኑ ተነጋገሩበት፤ ከተዘጋ በኋላ ሴኔት የሚሰበሰብበት ቀን አይታወቅም።

---

ብሬል_እና_ድምፅ፦

118 ውስጥ ማየት ወይም መስማት የተሳናቸው ካሉ ከላይ የተባለው ሁለት ቦታ ይሰበራል። ስካን የተደረገ ገጽ ሥዕል ስለሆነ ስልክ ላይ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም (አንባቢ) አንድ ቃል አያወጣበትም። ከወርድ በቀጥታ ወደ ፒዲኤፍ የተቀየረ ዩኒኮድ ጽሑፍ ግን ይነበባል፤ ኢስፒክ ኤንጂ የሚባለው አንባቢ አማርኛን ያነባል፣ ድምፁ ቢኮላተፍም ይለመዳል። በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ከሆነ አንባቢውም ያንኑ የተመሰቃቀለ ፊደል ነው የሚያነበው። ግራፍ ሲኖር ከሥሩ ሁለት መስመር ማብራሪያ ጻፉ፤ ምን ላይ እንደሚወጣና የት እንደሚታጠፍ።

መስማት ለተሳነው ደግሞ ድምፁ ሁሉ ባዶ ነው። ለያንዳንዱ ድምፅ አምስት መስመር ጽሑፍ ማስከተል በቂ ነው። ድምፁ ውስጥ «ይህ ፈተና ላይ ይመጣል» ብላችሁ ጽሑፉ ውስጥ አለመጻፍ ግን በደል ነው።

---

ወረኢሉ_መንገድ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ሁላችሁም ኔትወርክ እንደሚኖር አድርጋችሁ ነው የምትጽፉት። በ2012 ሰኔ 23 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቷል። ያኔ ቻናሉም ሙድሉም ዝም አለ። መምህር፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሄድ መስመር ዕቅዱ ውስጥ ከሌለ ሲሶ ያሏቸው ልጆች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ውጭ ናቸው።

ወረቀቱ የምትፈሩትን ያህል ውድ አይደለም። ኤ5 ከሆነ አንድ ኤ4 ቅጠል በሁለት ፊቱ አራት ገጽ ይይዛል፤ የአንድ ኮርስ የስምንት ሳምንት ማስታወሻ 80 ገጽ ቢሆን 20 ቅጠል ነው። አምስት ኮርስ 100 ቅጠል። ኔትወርክ ለሌላቸው 40 ተማሪዎች 4,000 ቅጠል፣ 8 ደስታ ማለት ነው። የግማሽ ሴሚስተሩን አስቀድማችሁ አትማችሁ በየተማሪው ስም በፖስታ አሽጉና ግቢው ሲዘጋ ሲወጡ አስይዟቸው። በኋላ ለመላክ ከሆነ በሕዝብ ትራንስፖርት እስከ ወረዳ ከተማ፣ ተረካቢው በስም የታወቀ ሰው ሆኖ። «ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይቀመጥላቸዋል» የተባለ ካርቶን ሳይከፈት ይቀመጣል።

ሁለተኛው መንገድ ሚሞሪ ካርድ ነው። ባለ 8 ጊጋባይት ማይክሮ ኤስዲ የሴሚስተሩን ማቴሪያል ከነድምፁ ብዙ እጥፍ ይይዛል። ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ካርዱ ፋት32 በሚባለው አሠራር ፎርማት የተደረገ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ስለዚህ ሁሉን በአንድ ዚፕ አታሽጉ፣ ስልክ ላይ ዚፕ መፍታትም ለብዙው ተማሪ ራስ ምታት ነው። ሌላው ቫይረስ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት የገባ ፍላሽ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ይወጣል፤ ተማሪው «ጠፋብኝ» ብሎ ፎርማት ያደርገዋል። ፋይሎቹ ግን ተደብቀው እንጂ አልጠፉም፤ ስልክ ላይ ቢከፈት አብዛኛውን ጊዜ ይታያሉ። ይህን በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ከካርዱ ጋር ስጡ።

ለማስታወቂያ ኤስኤምኤስ ተጠቀሙ፤ ግን አማርኛ ኤስኤምኤስ 70 ፊደል ብቻ ነው የሚይዘው፣ ሲረዝም በ67 በ67 ይከፋፈላል። 200 ፊደል ያለው መልእክት እንደ ሦስት ይቆጠራል። «ሳምንት 4 ወጥቷል። አሳይመንት 2 ማክሰኞ ጥር 12 ከቀኑ 6 ሰዓት» በአንዱ ይገባል። ሰላምታውን ተዉት።

ለጥያቄ ደግሞ በሳምንት ሁለት ጊዜ የታወቀ ሰዓት ይኑር፣ ማታ ከ1 እስከ 3። ተማሪው ሚስድ ኮል ያደርጋል፣ መምህሩ ይደውላል። ቀን ላይ አታድርጉት። ሴት ተማሪ ቤቷ ስትገባ ውኃው፣ እንጀራው፣ ታናናሾቿ ይጠብቋታል፤ ወንዱም ሰኔ ላይ እርሻ ነው። በቤተሰቡ ዓይን «ትምህርት ተዘግቷል» ተብሏል፣ ስልክ የያዘ ልጅ ሥራ ፈት ነው። ኮሌጁ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ለወላጅ ቢጽፍ፣ ትምህርቱ እንደቀጠለና በቀን ሁለት ሰዓት እንደሚያስፈልግ በሁለት አንቀጽ፣ ብዙ ቤት ውስጥ ይሠራል። ማኅተም ይከበራል።

---

ኮምቦልቻ_መምህር፦

የደብዳቤው ሐሳብ ጨርሶ አልመጣልኝም ነበር። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ ለማቀድ ከተማሪው አሁን፣ ግቢ ውስጥ እያለ፣ ምን መረጃ ልሰብስብ? ከተበተኑ በኋላ ማግኘቱ ከባድ ነው።

---

ሜጋባይት_ቆጣሪ፦

በምዝገባ ሳምንት አንድ ገጽ ቅጽ አስሞሉ። የራሱ ስልክ፣ ደግሞ አገር ቤት ሁልጊዜ የሚነሳ የአንድ ዘመድ ስልክ ከነዝምድናው፤ ተማሪ ሲም ይቀይራል፣ አጎት አይቀይርም። የቀበሌና የወረዳ ስም፣ ቅርቡ ፎቶ ኮፒ ያለባት ከተማና እዚያ ለመድረስ በእግር ወይም በመኪና ስንት ሰዓት። ቤቱ ሆኖ 4ጂ፣ 3ጂ፣ 2ጂ ወይስ ምንም። የስልኩ ባዶ ቦታ በጊጋባይት፣ ሚሞሪ ካርድ ይቀበላል ወይ። መብራት አለ ወይ። ከሌለ ባለ 10,000 ሚሊአምፒር ፓወር ባንክ፣ በመንገድ ላይ የሚባክነው ሲቀነስ፣ ባለ 4,000 ስልክ አንድ ጊዜ ተኩል ገደማ ይሞላል፤ በሳምንት የገበያ ቀን እየሞላ የሚመጣ ልጅ በቀን ስንት ሰዓት ስልክ ሊያበራ እንደሚችል ከዚህ ይሰላል። እሱ የወረቀት ተማሪ ነው።

ከቅጹ በመነሳት ሦስት ዝርዝር አውጡ፦ በቻናል፣ በሚሞሪ ካርድ፣ በወረቀት። ይዘቱ ለሦስቱም ያው ይሁን፣ የማስረከቢያ ቀኑ ግን ለወረቀቶቹ 10 ቀን ይርዘም። ከዚያ ግቢው ክፍት እያለ አንድ ሳምንት በዚህ መንገድ ብቻ አስተምሩና ሞክሩት። ዓርብ ክፍል ገብታችሁ ገጽ 4 ላይ ያለውን ቀመር ጠይቁ። ፋይሉን ያልከፈተው፣ ድምፁ እምቢ ያለው፣ ስልኩ የሞላበት ሁሉ እዚያው ይለያል፤ ቴክኒሻኑም እዚያው ያስተካክልለታል።